ውጭ ሊሄድ የነበረው ልጅ፦ የአንድ የባህርዳር ቤተሰብ የማደጎ ጉዳይ ጥናት

ይሄን ፅሁፍ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለን አንብበነው እሺ ካሉ በኋላ ነው የማወጣው። ስማቸውን አልጠራም፣ ሰፈራቸውንና ስራቸውንም ትንሽ ነካክቼዋለሁ፣ የሆነው ነገር ግን እንዳለ ነው። እኔ ባህርዳር ውስጥ ሶሻል ወርከር (የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) ነኝ። የውጭ ጉዲፈቻ በነበረበት ጊዜ አንድ የህፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ከተዘጋ በኋላም ልጆችን ከሀገር ውስጥ ቤተሰብ ጋር የማገናኘት ስራ ላይ ነው የቆየሁት። የሁለቱንም ጊዜ አሰራር ስላየሁ ይሄ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ልጁ በሁለቱ መሀል ነው የወደቀው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ኢትዮጵያ ለብዙ አመት በጉዲፈቻ ብዙ ልጅ ወደ ውጭ ከሚሄድባቸው ሀገሮች አንዷ ነበረች። አሜሪካ ብቻዋን በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2016 ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ወስዳለች፣ ስፔን አለ ጣሊያን አለ ፈረንሳይ አለ፣ ቁጥሩ 2010 አካባቢ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ከኛ አካባቢ የሚሄዱት ልጆች መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ይሸኛሉ፣ ጉዳያቸው ፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል፣ ከዛ ኤምባሲ፣ ከዛ ኤርፖርት። ውስጡ ልጅ ከልባቸው የሚፈልጉ ብዙ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ብዙ ጉድም ነበረ፤ ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብሎ የፈረመ አባት፣ ወረቀት ላይ እድሜው የተቀየረ ልጅ፣ እናቱ በህይወት እያለች ሞታለች የተባለ ልጅ። በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞታ በ2013 ተፈርዶባቸዋል፣ ያን ጊዜ ማሳደጊያ ውስጥ የነበርን ሰዎች ወሬውን ስንሰማ የተሰማንን ነገር እስካሁን አልረሳውም። በኋላ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2009 ላይ የውጭ ጉዲፈቻ ቆመ፣ ጥር 2010 ላይ ደግሞ ፓርላማው የቤተሰብ ህጉን አሻሽሎ ሙሉ በሙሉ ከለከለው። አዋጅ 1070/2010 ማለት እሱ ነው።

ይሄ ልጅ እንግዲህ ሚያዝያ 2009 ላይ ማሳደጊያ ውስጥ ነበር፣ አራት አመቱ ገደማ። ገደማ የምለው የልደት ቀኑ በግምት የተሞላ ስለሆነ ነው። የተወለደው ጣና ዳር ዘጌ አካባቢ ነው፣ እናቱ ታማ ሞታለች፣ አባት አይታወቅም፣ ያሳደጉት ሴት አያቱ ናቸው፣ አቅም ሲያጡ አምጥተው ሰጡት። ከዛ በአንድ የጉዲፈቻ ኤጀንሲ በኩል ለውጭ ሀገር ባልና ሚስት ማች ተደረገ፣ ማለትም ለነሱ ተመደበ። ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ትንሽ የፎቶ አልበም ላኩለት፣ ያን ጊዜ የተለመደ ነበር፣ ልጁ ሳያያቸው እንዲለምዳቸው ተብሎ ነው። ላስቲክ ሽፋን ያላት ስስ አልበም ናት፤ አንድ ሴት፣ አንድ ፂማም ሰውዬ፣ በረዶ የሸፈነው ቤት፣ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ያለው አልጋ፣ ደሞ ቢጫ ትልቅ ውሻ። ሞግዚቶቹ በየቀኑ እያገላበጡ "ማሚ ማናት? ዳዲ የቱ ነው?" እያሉ ያስጠኑት ነበር። ልጁ አልጋውን እያሳየ ለሌሎቹ ልጆች "ይሄ የኔ ነው" ይል ነበር አሉ።

ፋይሉ ፍርድ ቤት ሳይገባ ነገሩ ቆመ። ሰዎቹ ጠበቁ ጠበቁና ጠፉ፣ ኤጀንሲው ተዘጋ፣ ልጁ ግን አልበሙን ይዞ እዛው ቀረ። ከሁሉ የሚያመኝ ለምን እንደቀረ ማንም ቁጭ አድርጎ ያልነገረው መሆኑ ነው። ሲጠይቅ "ትሄዳለህ፣ ትንሽ ቆይ" ይባላል፣ በኋላ መጠየቁን ተወው። መጠየቅ የተወ ልጅ የረሳ ይመስላል፣ አልረሳም።

በኋላ ልጁን የወሰዱት የባህርዳር ባልና ሚስት ወደኔ የመጡት በኛ አቆጣጠር 2011 መጨረሻ ላይ ነው። እሷ ባንክ ነው የምትሰራው፣ እሱ አስተማሪ ነው፣ ከተጋቡ አስር አመት ሞልቷቸዋል፣ ልጅ የለም። ፀበል ተገብቷል፣ አዲስ አበባ ድረስ ሆስፒታል ተመላልሰዋል፣ በመጨረሻ እሷ ናት "በቃ እናሳድግ" ያለችው። የእሱ እናት አልተስማሙም፣ የሰው ልጅ የሰው ነው፣ ነገ ዘመዱ መጥቶ ይወስደዋል፣ ምናምን። ይሄን አባባል ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ በህግ ግን እንደዛ አይደለም። በቤተሰብ ህጉ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ለሁሉም ነገር እንደ ወለዱት ልጅ ነው የሚቆጠረው፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይበጠስም፣ ሁለቱ ከተጋጩ ግን የሚቀድመው ያሳዳጊው ቤተሰብ ነው፣ ፍርድ ቤት ያፀደቀው ደግሞ ልጁ ላይ ከባድ በደል ካልተፈፀመ በስተቀር አይፈርስም። ይሄን የባልየውን እናት ቁጭ አድርጌ አስረድቻቸዋለሁ። አልተዋጠላቸውም፣ ግን ሰምተዋል።

አሁን ስለ ዝግጅት ላውራ፣ ለኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። የውጭዎቹ ወላጆች ልጅ ከመውሰዳቸው በፊት ሆም ስተዲ የሚባል አለ፣ ባለሙያ ቤታቸው ይመጣል፣ ትዳራቸውን ገቢያቸውን ጤናቸውን አስተዳደጋቸውን ሳይቀር ይጠይቃል። አሜሪካኖቹ ቢያንስ 10 ሰዓት ስልጠና መውሰድ ግዴታቸው ነበር፤ ልጅ ከቤተሰቡ ሲለያይ ምን እንደሚሆን፣ አታችመንት የሚባለው የልጅና የአሳዳጊ ትስስር ምን እንደሆነ፣ ምግብ የሚደብቅ ልጅ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ይማራሉ። ልጁን ከወሰዱም በኋላ በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በአመት፣ ከዛ 18 እስኪሞላው በየአመቱ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። ሁሉም ይልክ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ግን ስርአቱ ነበረ። የኛ ሰው ሲሆንስ? ማመልከቻ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ምስክር፣ ከሴቶችና ህፃናት ቢሮ የሚፃፍ የማህበራዊ ጥናት፣ ፍርድ ቤት፣ አለቀ። አበሻ ስለሆንን ልጅ ማሳደግ እናውቃለን የሚል ነገር አለ። ልጅ ማሳደግስ እናውቃለን። ከቤተሰቡ የተለያየ፣ ሲጠብቅ የኖረ፣ ተስፋ ተሰጥቶት የተነጠቀ ልጅ መቀበል ግን ሌላ እውቀት ነው፣ ለፈረንጅ ካስፈለገ ለኛም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከድሮው ማሰልጠኛ የማስታውሰውን እያወጣሁ ከነሱ ጋር ቁጭ አልን፣ ቤታቸው ሄድኩ፣ ብዙ አወራን። አልበም እንዳያሰሩ ነገርኳቸው፣ ለዚህ ልጅ ፎቶ ማለት የማይመጣ ሰው ማለት ነው። በምትኩ በአካል ይምጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰአት እየመጡ ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ስጦታ የለ፣ ልጁን ነጥሎ ማቀፍ የለ፣ ዝም ብሎ መገኘት ነው። ባልየው የተበጠሰውን ዥዋዥዌ ሲጠግን ልጁ ቢላ አቀባይ ሆነ፣ ትውውቃቸው እንደዛ ነው የጀመረው። ሌላው ያጠበቅኩት ነገር ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ "እንወስድሃለን" የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ ነው፣ ሞግዚቶቹም ጭምር። እሷ በዚህ ተቸግራ ነበር፣ ልጁ ቅዳሜ ማታ በር ድረስ ሸኝቷት ሲቆም ምን ብላ ትሂድ? "የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ" በይው አልኳት፣ እውነት ስለሆነ። ደግሞ ሁሌም መጣች።

የፍርድ ቤቱ ቀን የልጁ አያት ተጠሩ፣ በህግ የልጁ ሞግዚት ሆነው በጉዲፈቻው ውል መስማማት ያለባቸው እሳቸው ስለሆኑ። ከዘጌ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ልጁን ይዘን ስንገባ አዩት፣ አወቁት፣ ከዛ ደንግጠው ተነሱና "አልሄደም እንዴ? ውጭ አልሄደም እንዴ?" አሉ። ለካ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ጊዜ የልጅ ልጃቸው አሜሪካ ነው ብለው ነበር የሚኖሩት፣ እሳቸው ያሉበት ዘጌ ልጁ ያለበት ባህርዳር፣ በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ። ፈርመው ከሄዱ በኋላ ቆሟል ብሎ የነገራቸው የለም። እዛው ኮሪደሩ ላይ አለቀሱ፣ አሳዳጊ እናቲቱም አለቀሰች፣ ልጁ ሁለቱንም እያየ ዝም። ዳኛዋ በቂ ጊዜ ሰጠቻቸው፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ፣ አያትየውን ደጋግማ ነው የጠየቀቻቸው፣ ገብቷቸው መስማማታቸውን እስክታረጋግጥ። ከዛ ልጁን ጠየቀችው፣ ህጉም የልጁ ሀሳብ ይሰማ ይላል፣ ከነዚህ ሰዎች ጋር ሄደህ መኖር ትፈልጋለህ ወይ? ልጁ ትንሽ አሰበና "ፎቶዬን ይዤ ነው?" አለ። ይዘህ ነው ተባለ። "እሺ" አለ።

ጥቅምት 2012 ቤት ገባ፣ ስድስት አመት ተኩል አካባቢ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጫማውን ሳያወልቅ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረ፣ አልጋ ስር ሳይቀር አየ፣ ጓሮ ወጣ፣ ተመልሶ መጥቶ "ውሻውስ?" አለ። ባልየው ምን እንደሚመልስ ጠፍቶት ደወለልኝ። ሌላ ደግሞ፣ እሷን "ሲስተር" ነው የሚላት፣ ማሳደጊያው ውስጥ ነርሷን እንደሚጠሩት፣ እሱን "ጋሼ"። "እማዬ በለኝ" እንዳትለው ነግሬያት ስለነበር ችላ ቻለች፣ ግን ማታ ማታ ታለቅስ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባን። ልጁ ጭንቅላት ውስጥ እናት የሚባለው ቦታ በፎቶዋ ሴትዮ ተይዟል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገር ይሄን ይመስል ነበር። እስኪያስመልሰው ይበላል። ዳቦ ትራስ ልብሱ ውስጥ ይደብቃል፣ አንድ ቀን አንሶላ ስትቀይር የሻገተ ግማሽ ዳቦና የዶሮ አጥንት አገኘች፣ አልተቆጣችውም፣ ተዘጋጅታበት ነበር። በምክራችን መሰረት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ያለበት ሰፌድ ተቀመጠለት፣ ይሄ ያንተ ነው፣ ሳትጠይቅ ትወስዳለህ፣ ሲያልቅ እኛ እንሞላለን ተባለ። ሁለት ሳምንት ያህል ከስሩ አልተነሳም። ከዛ ቀስ እያለ ትራስ ውስጥ የሚገባው ነገር ቀነሰ። ሲወድቅ አያለቅስም፣ ጉልበቱ ተልጦ ደም እየወረደ ዝም ብሎ ይነሳል፣ ጎረቤት "ጎበዝ ልጅ" ይለዋል። ይሄ ጉብዝና አይደለም፣ ቢያለቅስ የሚመጣለት ሰው እንደሌለ የተማረ ልጅ ነው። ደሞ ለማንም ይሄዳል፤ ባጃጅ ሾፌር "ና" ሲለው ሮጦ ገብቶ ቁጭ፣ እንግዳ ሴት ሲያይ ጭኗ ላይ ወጥቶ መተኛት። ዘመዶች "እንዴት ተግባቢ ነው!" እያሉ ይደሰታሉ፣ እናትየው ግን ከኔ ጋር ከማንም ጋር አንድ ነው ማለት ነው ብላ ይቆጠቁጣታል፣ ልክ ናት።

ለዚህ የሰጠኋቸው ምክር ለኛ ሰው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው፣ ሲታመም የሚያቅፈው እናትና አባቱ ብቻ ይሁኑ፣ ሌላው ሰው ይጫወት፣ ያውራ፣ ግን ሲርበው ወደ እናቱ ይላከው። በኛ ባህል የመጣ ሰው ሁሉ ልጅ አቅፎ ሳይስም ሳያጎርስ አይሄድም። የባልየው እናት ከገጠር መጥተው ሊያጎርሱት ሲሉ ልጃቸው "እማዬ ትንሽ ቆዪ፣ እሷ ታጉርሰው" ሲላቸው ጉርሻውን ወደ ሰሀኑ መልሰው ኩርፍ አሉ፣ በማግስቱ ሄዱ። ቆይተው ነው የታረቁት። ሲተኛ ደግሞ ፍራሹን እነሱ ክፍል አነጠፉለት፣ ይሄ እንኳን እኛ ጋ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ጤናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጣና ዳር ያደገ ልጅ ለምትቀበሉ ሰዎች ይጠቅማል። ልጁ ሆዱ ይነፋል፣ ያመዋል፣ አንዳንዴ ሰገራው ላይ ደም አለ። ሁሉም ሰው ከመብላት ብዛት ነው አለ። ሲመረመር ቢልሃርዚያ ነው፣ ጣና ዳር ህፃናት ላይ የተለመደ በሽታ ነው፣ ሀይቅ ውስጥ ሲቦራጨቁ በቆዳ ነው የሚገባው፣ እሱ ላይ ስንት አመት እንደቆየ እንጃ። ፕራዚኳንቴል በክብደቱ ተሰጠው፣ ጃርዲያም አብሮ ነበረበት፣ ታከመ፣ ክትባቱም ፋይሉ ላይ የተፃፈው ስላልተሟላ የጎደለው ተሞላለት። ልጅ ስትቀበሉ ማሳደጊያው "ጤነኛ ነው" ቢላችሁም ሰገራ፣ ደም፣ ቲቢ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪ፣ አይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ ሙሉ አስመርምሩ።

ሁለተኛው ወር ላይ እናትየው ወደቀች። ሌላው ሰው ስለልጁ ሲጨነቅ እሷን ያየ አልነበረም። ስራ የገባችው የአመት ፈቃዷን ጨርሳ ነው፤ የወለደች ብትሆን በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታገኝ ነበር፣ እሷ ግን የወለደች አይደለችም ተባለ። ቀን ባንክ፣ ማታ የማይተኛ ልጅ፣ አልጋ ላይ ሽንት፣ አንሶላ ማጠብ። አንድ ቀን ደውላ "አልወደውም መሰለኝ" አለችኝ። ድምጿ ሁሉ ተቀይሯል። እግዜርን ስንት አመት ለምኜ ሰጥቶኝ እንዴት አልወደውም፣ ሀጢያት ነው አይደል? አለችኝ። ሀጢያት አይደለም። ማደጎ የተቀበሉ እናቶች ላይ የሚመጣ ዲፕሬሽን አለ፣ ልክ እንደ ወላድ፣ ውጭ ስልጠና ላይ ያስተምሩታል፣ ሊመጣ ይችላል፣ ሲመጣ ተናገሩ ይባላሉ። እሷ ግን ስሙን እንኳን ሰምታ ስለማታውቅ የራሷ ክፋት መስሏታል። ሀኪም ጋ ሄደች፣ የንስሀ አባቷ ጋም ሄደች፣ እሳቸውም ሳይገስጿት "ድካም ነው ልጄ፣ እንቅልፍ ተኚ" አሏት። ባልየው ሌሊቱን ተከፋፈላት።

ከሁሉ በላይ ያነሳት ግን ግቢ ውስጥ ያሉ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። አንድ እሁድ ጠዋት ገንፎ ይዘው መጡ። ሙሉ ሰታቴ፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የተሞላ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ። "አንቺ አራስ አይደለሽም እንዴ? ማን ጠየቀሽ?" አሏት። እውነት ነው፣ ማንም አልጠየቃትም። ለወለደች ሴት ጎረቤቱ በሙሉ ይጎርፋል፣ ይታጠብላታል፣ ይበሰልላታል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ትባላለች። ለዚች ሴት ምን እንደሚባል ሰው ስላላወቀ ዝም ተባለ። ሴትዮዋ ምድጃው ጋ ተቀምጠው እሷን አስበሏት፣ ልጁ ደግሞ መጥቶ ገንፎውን በእጁ ቆንጥሮ ቅቤው ውስጥ እየነከረ ከእናቱ ሰሀን በላ። ከዛ በኋላ ሴትዮዋ በየሳምንቱ መጡ፣ ሌሎቹንም ይዘው መጡ። አሁን አዲስ ማደጎ የሚወስድ ቤተሰብ ሲኖር አስቀድሜ ጎረቤቶቻቸውን አናግራለሁ፣ አራስ ጥየቃ ሂዱ እላለሁ።

ወደ አልበሙ ልመለስ። ባልየው አልበሙን አልወደደውም፣ ሊደብቀውም ፈልጎ ነበር፣ "እኔ እያለሁ የሌላ ሰው አባት እያየ እንዴት ይለምደኛል" ነበር የሚለው። ስሜቱ ይገባኛል። ግን አልበሙ የልጁ ነው፣ ዳኛ ፊት ቃል ተገብቶለታል፣ ከተወሰደበት የሚማረው ነገር ይሄም ቤት ይነጥቃል የሚል ነው። ውሻ እንግዛለት ወይ ሲለኝም ለውሻነቱ ከሆነ ግዛ፣ ያኛውን ለመተካት ከሆነ ቆይ አልኩት። ከዛ አንድ ማታ ባልየው ሲያጥበው ነው፣ ሳሙና አይኑ እንዳይገባ ግንባሩን ይዞለት፣ ልጁ አይኑን እንደጨፈነ "ሽንቴን ስለምሸና ነው አይደል ያልወሰዱኝ?" አለ።

ሁለት አመት ተኩል ሙሉ ልጁ የያዘው ሀሳብ ይሄ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅተን ነበር፣ በዚህ መልክ ይመጣል ብለን ባንጠብቅም። ባልየው ውሃውን ዘግቶ፣ ፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደተነጋገርነው ነገረው፤ አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ሰዎቹ ይፈልጉህ ነበር፣ ሀገራችን ልጆች ወደ ውጭ አይሄዱም ብላ ህግ አወጣች፣ ላንተ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ልጅ ነው፣ እኛ ደግሞ ልጅ ስንፈልግ አንተን አገኘንህ፣ ብትሸናም ባትሸናም ከዚህ ቤት አትሄድም። ልጁ "እሺ" ብሎ ተኛ። በማግስቱ ግን እንደገና ጠየቀ። በሳምንቱም ጠየቀ። አንዴ ነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በየጊዜው በተመሳሳይ ቃል መመለስ ነው ያለበት፣ ቃሉ ከተለዋወጠ ልጅ ወዲያው ይነቃል። አልበሙም ሳሎን መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ እነሱም አብረውት እያገላበጡ ያያሉ። በኋላ የተነሷቸው ፎቶዎች መጨረሻ ላይ ባዶ የቀሩት ገፆች ውስጥ ገቡ፣ ይሄ የእናትየው ሀሳብ ነው፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ለጥምቀት ሰሞን በጀልባ ዘጌ ሄዱ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ባልየው ፈርቷል፣ አያትየው ልጁን ቢይዙትስ? ገንዘብ ቢጠይቁስ? እውነቱን ለመናገር ጠይቀዋል። የቤታቸው ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ልጁ ውጭ ነው ሲባል ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ዶላር ይልካል ብሎ ስንት አመት ሲጠብቅላቸው ነበር። አንዱ ጎረምሳ ልጁን "እስቲ እንግሊዝኛ ተናገር" ሲለው አያትየው አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ቡና ተፈላ፣ የራሳቸው ጓሮ የዘጌ ቡና፣ ቀረሶ አሳ ተጠበሰ፣ ቁጭ ብለን በግልፅ ተነጋገርን። ውሉ ከመፅደቁ በፊት ለአያትየው አንድም ሳንቲም እንዳይሰጥ ከልክዬ ነበር፣ ልጅ በገንዘብ የተለወጠ እንዳይመስል፣ እንዳይሆንም። አሁን ግን ዘመድ ናቸው። የጤና መድን መዋጮአቸውን በየአመቱ እነሱ ሊከፍሉ፣ ቆርቆሮውን ከክረምት በፊት ሊያግዙ ተስማሙ፣ ጥሬ ገንዘብ በየወሩ የሚባል ነገር ግን የለም። አያትየው እናትየውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡና ስለ ልጁ እናት አወሯት፣ ምን ትወድ እንደነበር፣ በምን እንደሞተች፣ ሲወለድ እንዴት እንደነበር። እናትየው ሁሉንም ደብተር ላይ ፃፈችው። ይሄ ማንም ፋይል ውስጥ የሌለ ነገር ነው።

ከዛ መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጁ ገና ትምህርት ቤት ለምዶ ነበርና ክፉኛ ሰጋሁ፣ ነገር ግን አባቱ አስተማሪ ስለሆነ እሱም ቤት ዋለ፣ ያ ጊዜ ለነሱ በረከት ሆነ። ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ናቸው፣ የሚመጣ እንግዳ የለም፣ ስልጠና ላይ "ቤታችሁን ዝጉና ከልጃችሁ ጋር ክረሙ" የሚባለው በግድ ተፈፀመ። ግንቦት ላይ እናትየው ደወለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነው፣ ቴሌቪዥን ስትዘጋበት "አልወድሽም! እማዬ አልወድሽም!" ብሎ ጮኸባት። እኔ ስልኩን ይዤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለማንም የሚስቅ፣ በማንም የማይቆጣ ልጅ ነበር፣ ተቆጣባት ማለት ብቆጣም አትጥለኝም ብሎ አመነ ማለት ነው። እማዬ ያላትም ያኔ ነው፣ እዛው ስድቡ ውስጥ።

ሁሉም ነገር ከዛ በኋላ ተስተካከለ ብል እዋሻለሁ። አባቱ ለስልጠና አዲስ አበባ ሲሄድ ልብሱን በፌስታል አስሮ በር ላይ ተቀመጠ። ሶስተኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ልጅ "የማደጎ ልጅ" ብሎ ሰድቦት ተጣልቷል። የትምህርት ቤት ምዝገባ ላይም የልደት ሰርተፍኬት ስም አልገጥም ብሎ ተንገላተዋል፣ ጉዲፈቻ በወሳኝ ኩነት የሚመዘገብ ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ውሳኔውን ይዛችሁ ቶሎ አስመዝግቡ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት ዘጌ የሚሄዱበት ጊዜ ተቋረጠ፣ ኔትወርክ ሲኖር በስልክ፣ ሳይኖር ዝም። አያትየው በህይወት አሉ።

የክትትል ሪፖርት እስካሁን የጠየቃቸው አካል የለም። እኔ የምሄደው በራሴ ነው። ለውጭ ወላጅ 18 አመት እስኪሞላ የተጠየቀ ሪፖርት ባህርዳር ውስጥ በእግር የሚደረስ ቤት ላይ ለምን እንደማይጠየቅ ባገኘሁት ስብሰባ ሁሉ አነሳለሁ፣ ለቁጥጥር ብቻ ሳይሆን ያቺ እናት ሁለተኛው ወር ላይ ስትወድቅ የሚደርስላት ሰው እንዲኖር።

ልጁ አሁን አስራ ሁለት አመት አልፎታል። ኳስ ይወዳል፣ ሂሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ ሽንቱ ካቆመ ቆይቷል። በቅርቡ ያመጣው ጥያቄ ስለ ፎቶዎቹ ሰዎች ነው፣ ሌላ ልጅ አገኙ ወይ? ደብዳቤ መፃፍ ይቻላል ወይ? ወላጆቹ መጀመሪያ ደንገጥ ብለው ነበር፣ ተነጋግረን ግን እንደማይከለክሉት ነግረውታል። ችግሩ አድራሻው ያለው ድሮ ፋይል ውስጥ ነው፣ ማሳደጊያው የፋይሉን ግማሽ ኮፒ ሰጥቷቸዋል፣ የኤጀንሲው ወረቀት ያለበትን ክፍል አልሰጠም። በእኔ እምነት ስለ አንድ ልጅ የተፃፈ ወረቀት የዛ ልጅ ነው፣ ማንም መጋዘን ውስጥ ሊበሰብስ አይገባም። እናትየው በፅሁፍ አመልክታለች፣ እኔም የድጋፍ ደብዳቤ አያይዣለሁ፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።